ለፖሊስ አዛዦችና ለጡረታ ቢሮዎች፦ ፖሊሱን ጡረታ ስታወጡ ቤቱንም አብራችሁ አውጡት

ይድረስ ለፖሊስ አዛዦች፣ የጡረታ ፋይል ለምታገላብጡ ሰራተኞች፣ እንዲሁም ትንሽ ከተማ ውስጥ ለምትኖሩ በሙሉ፣

የትንሽ ከተማ ፖሊስ ልጅ ነኝ። አባቴ ጡረታ ከወጣ ቆየ፣ ደህና ነው፣ ይህን ደብዳቤ ቢያየው "አሁን ይሄ ምን አስፈለገ" ብሎ ስለሚቆጣኝ ስሙንም ከተማውንም አልጽፍም። የሱ ብቻ ጉዳይ ቢሆን ደግሞ እዛው ቤታችን እንጨርሰው ነበር። ግን ከሌሎች የፖሊስ ልጆች ጋር ባወራሁ ቁጥር ወሬው አንድ አይነት እየሆነብኝ ስለተቸገርኩ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት። ከታች የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው፣ በኋላ እንዳታርሙኝ።

ነገሬ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ትንሽ ከተማ ውስጥ የሚቀጠረው አንድ ሰው ነው፣ የሚሰራው ግን ቤተሰቡ በሙሉ ነው። ሲቀጠር ይሄ ውሉ ላይ የለም፣ ሲያገለግል ማንም አይቆጥረውም፣ ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ጭራሽ የሚያነሳው የለም።

ሰው ፖሊስ ሲባል ፊልም ላይ ያየው ነው ቶሎ የሚመጣለት፣ ትልቅ ህንጻ፣ መርማሪው ለብቻው፣ ትራፊኩ ለብቻው፣ ስልክ የምታነሳዋ ለብቻዋ። ያ ሁሉ ፊልም የሚሰራባት አሜሪካ እንኳ ከአካባቢ ፖሊስ መስሪያ ቤቶቿ ግማሽ ያህሉ ያላቸው የሙሉ ጊዜ ፖሊስ ከ10 በታች ነው። ከ10 ሰው በታች ሆናችሁ ቀኑንም ሌሊቱንም ቅዳሜና እሁዱንም በዓሉንም ሸፍኑ ብትባሉ ሂሳቡን ራሳችሁ ስሩት፣ አንዱ ታሟል፣ አንዱ ፍርድ ቤት ምስክርነት ቆሟል፣ አንዱ ፈቃድ ላይ ነው፣ እና ሌሊቱን የሚይዘው ጠዋት የገባው ያው ሰውዬ ነው። አባቴ ጠዋት የተሰረቀ ብስክሌት ሲፈልግ ይውልና ከሰአት የጎረቤት ጠብ ያበርዳል፣ ማታ መንገድ ላይ የተጋጨ መኪና በሜትር ይለካል፣ ከዛ ደግሞ ሁሉንም ቁጭ ብሎ በእጁ የዕለት ሁኔታ መዝገብ ላይ ይጽፋል። ጽሁፉ ያምራል፣ እሱን ሳልናገር አላልፍም።

ከጫናው በላይ ግን የትንሽ ከተማ ፖሊስነት ሌላ ጣጣ አለው። ትልቅ ከተማ ያለ ፖሊስ ያሰረውን ሰው ከዛ በኋላ በህይወቱ ላያየው ይችላል። እኛ ጋ ዛሬ ያሰርከው ሰውዬ ነገ ጸጉር ቤት አጠገብህ ነው የሚቀመጠው፣ እህቱ የልጅህ አስተማሪ ናት፣ ሚስቱ ከሚስትህ ጋር አብራ ነው ያደገችው። ስለዚህ አባቴ ሰው ሲይዝ ነገ እንደሚያገኘው አውቆ ነበር የሚይዘው። ልጆቹ እያዩት ካቴና አያስገባም። "ና እስቲ ትንሽ እናውራ" ብሎ ይዞት ይወጣና ጥጉን ከዞሩ በኋላ ነው ካቴናው የሚወጣው፣ ይሄን ደግሞ እኔ የሰማሁት ከሱ ሳይሆን ከታሰረ ሰው ልጅ ነው፣ ትልልቆች ከሆንን በኋላ። እንዲህ ያለው ዘዴ ስልጠና ላይ ይሰጥ አይሰጥ አላውቅም እንጂ ከተማው ውስጥ ስንት ቂም እንዳስቀረ ግን አውቃለሁ።

መርዶ የሚያረዳውም እሱ ነበር። መንገድ ላይ አደጋ ከደረሰ፣ ውሃ የወሰደው ልጅ ካለ፣ የቤተሰቡን በር የሚያንኳኳው እሱ ነው፣ እና ገና ግቢው ሳይደርስ ቆቡን ያወልቃል። ይሄን ልማዱን ሰፈሩ አወቀበት። ከዛ በኋላማ ሙቀት ሆኖበት እንኳ ቆቡን በእጁ ይዞ ሲሄድ ካዩት ሴቶቹ ደጃቸው ላይ ቆመው የማን ቤት ሊገባ ነው ብለው በአይናቸው ይከተሉት ነበር። እናቴ ናት የነገረችው፣ "ሰው እያስደነገጥክ ነው፣ ወይ ልበሰው ወይ ቤት ተወው" አለችው። እሱ ሳያውቀው ነው ለካ ሲያስደነግጥ የኖረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ሮበርት ፒል በ1829 የለንደንን ፖሊስ ሲያቋቁም የመጀመሪያዎቹ ፖሊሶች ከስራ ውጪም ዩኒፎርም እንዲለብሱ ይገደዱ ነበር፣ ህዝቡ ሲቪል ለብሰው ይሰልሉናል ብሎ እንዳይጠረጥር ነው። ታዲያ ሁሌ ዩኒፎርም ላይ ከሆኑ ተረኛው ከተረኛ ካልሆነው በምን ይለይ? ግራ እጅጌው ላይ በሚያስራት ባለ መስመር ጥብጣብ። ጥብጣቧ ካለች ስራ ላይ ነው፣ ከሌለች ሰውየው እረፍት ላይ ነው፣ አለቀ። ይሄን ሳነብ በጥብጣቧ ቀናሁ። አባቴ በሲቪል ልብስ ጺሙን እየተላጨ ክስ ሰምቷል፣ ሰርግ ላይ ሙሽራዋን ሰላም ሊል ሄዶ ጥግ ይዘውት ስለ መሬት ክርክር አውርተውታል፣ እኔን አሞኝ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዘን ከኋላችን የቆመ ሰውዬ "እንደው የኔ ጉዳይ ከምን ደረሰ" ብሎታል። መለሰለት ደግሞ! እኔ ትኩሳቴ እየነደደኝ እሱ ፋይሉ አቃቤ ህግ ጋ መሄዱን ያስረዳል።

ሌሊት ሲሆን ደግሞ ጣቢያው የሚመጣው ወደ ቤት ነው። ጣቢያ ሄደው ያላገኙት፣ ወይም ጣቢያ ሄዶ መዝገብ ላይ መጻፍ ያፈረ፣ ወይም የፈራ፣ የኛን በር ያንኳኳል። አባቴ ብዙ ጊዜ ራሱ ውጪ ነው፣ ስለዚህ የምትከፍተው እናቴ ናት። አንድ ሌሊት ባሏ የደበደባት ሴት ልጇን አዝላ መጣች፣ ከንፈሯ ተሰንጥቋል፣ አንድ እግሯ ጫማ የለውም። እናቴ ምንም አልጠየቀቻትም፣ ውሃ አሙቃ ፊቷን አጠበችላት፣ ህጻኑን እኔና ወንድሜ መሃል አስተኛችው፣ ከዛ በሩን ቆልፋ ወንበር አስጠግታ እዛው ተቀመጠች። ባልየው መጥቶ ከውጪ ሲሳደብ "ባለቤቴ አሁን ይመጣል፣ ሲመጣ ለሱ ትነግረዋለህ" ነው ያለችው፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። አባቴ የመጣው ሊነጋ ሲል ነው። በማግስቱ ሴትየዋ ቃሏን ሰጠች፣ ባልየው ተያዘ፣ መዝገቡ ላይ ያለው የአባቴ ስም ነው። ልክ ነው፣ የያዘው እሱ ነው። ግን የዛን ሌሊት ተረኛ ማን ነበር?

ጃፓን ለዚህ ነገር ስም ሰጥታዋለች። በገጠሩና በትናንሽ ቦታዎች ቹዛይሾ የሚባል አለ፣ ጣቢያውና የፖሊሱ መኖሪያ አንድ ላይ የሆነበት፣ ፖሊሱ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ እዛው ይኖራል። እሱ ለፓትሮል ሲወጣ ሰው ቢመጣ የምታስተናግደው፣ ስልክ የምታነሳው ሚስቱ ናት፣ ለዚህ ደግሞ አበል ይሰጣታል። ገንዘቡ ትንሽ ይሁን ትልቅ የኔ ጉዳይ አይደለም፣ የሚገርመኝ ተቆጥሮ መያዙ ነው፣ አንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው "ይቺ ሴትዮ እኮ እየሰራች ነው" ብሎ አስቦ ወረቀት ላይ ማስፈሩ። እኛ ቤት በሩ ላይ ጽሁፍ አልነበረም እንጂ ቹዛይሾ ነበር።

እኛ ልጆቹም የድርሻችንን ሰርተናል። ስማችን "የፖሊሱ ልጅ" ነው። ድንጋይ ወርውረን መስታወት ብንሰብር ከሌላው ልጅ እጥፍ ነው የሚወራው። አባቴ የአንድ ክፍል ጓደኛዬን አባት የያዘ ቀን፣ በማግስቱ ልጁ ደብተሩን ሰብስቦ ከኔ ዴስክ ተነስቶ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ፣ አስተማሪውም አልጠየቀውም፣ ሁላችንም ምክንያቱን እናውቃለን። ለአባቴ አልነገርኩትም። ቤት ውስጥ ያልተጻፈ ህግ ነበረን፣ እሱ ስለ ጣቢያ አያወራም እኛም ስለ ትምህርት ቤት ክፉ ክፉውን አናወራም። ስለ ፖለቲካማ ጭራሽ አይታሰብም። እንግሊዝ ውስጥ ፖሊስ እስከ 1887 ድረስ ለፓርላማ መምረጥ አይፈቀድለትም ነበር፣ ወገንተኛ እንዳይባል ተብሎ። አባቴ መምረጥ ይችል ነበር፣ ግን ማንን እንደመረጠ እስከ ዛሬ አናውቅም፣ እኛም አፋችንን እንድንዘጋ ተደርገን ነው ያደግነው።

ከዛ ጡረታ ወጣ። ንግግር ተደረገ፣ ሰርተፍኬት ተሰጠው፣ ፎቶ ተነሳን፣ እናቴ ከፎቶው ጥግ ላይ ግማሽ ፊቷ ተቆርጦ ትታያለች። ከዛ የንብረት ርክክብ መጣ። ቀበቶ፣ ፊሽካ፣ ካቴና፣ ሬዲዮ፣ አንድ በአንድ እየተጠራ በፊርማ፣ እና አንድ የእጅ ባትሪ ጎደለ። የባትሪው ወሬ ክሊራንሱን ስንት ጊዜ እንዳጓተተው አታምኑኝም። ድሮ የተዛወረበት ጣቢያ የጻፈለት የአገልግሎት ደብዳቤ ደግሞ ፋይሉ ውስጥ የለም ተባለ፣ ስለዚህ እዛ የሰራባቸው ዓመታት ይቆጠሩ አይቆጠሩ ክርክር ሆነ፣ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልካል፣ ያኛው "ማህተሙ አይነበብም" ይላል። ሰው ሁሉ "ፖሊስ ነው፣ የሱማ በአንድ ቀን ያልቃል" ብሎ ነው የሚያስበው። ዕድሜውን ሙሉ የሰውን ፋይል በስርአት የያዘ ሰው የራሱ ፋይል ተበትኖ ሲያገኘው ፊቱን ብታዩት። ቢሮውን አልጠራም፣ ለነገሩ የሌሎቹም ልጆች ስለየራሳቸው ቢሮ ያወሩኝ ይሄንኑ ነው።

ቤት ከተቀመጠ በኋላ ያየነው ግን ከፋይሉም የባሰ ነው። ሌሊት አይተኛም። ፈረቃ የሚቀየርበት ሰአት ሲደርስ ይነሳል፣ በሩን ይፈትሻል፣ መስኮቱን ይፈትሻል፣ ግቢውን ይዞራል። የትም ሲሄድ በር የሚያየው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ከያዘው ቆሞ ይጠብቃል። የሌሊት ፈረቃ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2007 የሰውነትን ሰአት የሚያዛባ የፈረቃ ስራን ምናልባትም ካንሰር ያመጣሉ ከሚላቸው ነገሮች ጋር መድቦታል፣ በ2019 እንደገና አይቶትም ምደባውን አልቀየረም። ጆን ቫዮላንቲ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ አለ፣ ራሱ ከ20 ዓመት በላይ የኒውዮርክ ስቴት ፖሊስ ሆኖ ሰርቶ ነው ወደ ጥናት የገባው፣ ከባልደረቦቹ ጋር የቡፋሎ ከተማን ፖሊሶች ለዓመታት ሲከታተሉ ጭንቀቱና የሌሊት ፈረቃው ከደም ግፊቱ፣ ከስኳሩ፣ ከወገብ ውፍረቱ ጋር እንደሚያያዝ ነው ያዩት። ይሄ ሁሉ ደግሞ ዩኒፎርሙን ስላስረከብክ አብሮ አይረከብም።

ስለ ጭንቅላቱ ምን ልበል። ፒቲኤስዲ የሚባለው፣ ሰው ዘግናኝ ነገር ካየ ወይም ከደረሰበት በኋላ የሚይዘው የአእምሮ ህመም፣ የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች መዝገብ ውስጥ በዚህ ስሙ የገባው በ1980 ነው፣ ያኔም ሰው የሚያስበው ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደርን ነው። አባቴ ያየውን ሬሳ፣ ከመኪና ስር ያወጣውን ልጅ፣ ያረዳውን መርዶ ሁሉ አንድም ቀን "እንዴት ነህ" ብሎ የጠየቀው አለቃ መኖሩን አልሰማሁም። "ወንድ ነህ፣ ፖሊስ ነህ" ነው መልሱ። እናንተ አዛዦች እናንተም በዛው መንገድ ስላለፋችሁ አልወቅሳችሁም፣ ግን የሚጮህበት ህልም ሲመጣ አጠገቡ ያለችው እናቴ ናት፣ እሷ ደግሞ ምን እንደምታደርግ የነገራት የለም። እጁን መያዝ ነው ወይስ መቀስቀስ ነው? እስከ ዛሬ በግምት ነው የምትሰራው።

የጡረታ ቢሮ ሰዎች፣ "ገንዘቡን እየከፈልን ነው፣ ሌላው ምን አገባን" እንደምትሉ አውቃለሁ። ግን ገንዘቡ ራሱ እንዴት እንደመጣ እዩት። የእንግሊዝ ፖሊሶች በ25 ዓመት አገልግሎት ጡረታ የማግኘት መብት በህግ የጸናላቸው በ1890 ነው። ባል የሞተባት ሚስት ግን? ለንደን ውስጥ በ1918 ፖሊሶቹ ስራ አቁመው፣ አዎ ፖሊስ አድማ መትቶ፣ ከጠየቋቸው ነገሮች አንዱ ለሚስቶቻቸው የጡረታ አበል ነበር፣ የተሰጣቸውም ያኔ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሶሻል ሴኩሪቲ ለሚባለው የመንግስት ጡረታ መዋጮ የማይከፈልበት ስራ ላይ ጡረታ የወጡ ብዙ ፖሊሶችና አስተማሪዎች የትዳር ጓደኛቸው ሲሞት በዛ በኩል ከሚመጣላቸው ለአስርት ዓመታት ሲቀነስባቸው ኖሮ ያን ያስቀረው ህግ የተፈረመው ገና በጃንዋሪ 2025 ነው። የትም አገር ብትሄዱ ቤተሰቡ ወረቀቱ ላይ የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ያውም ተጎትጉቶ ነው።

እና ምን ትፈልጊያለሽ ካላችሁኝ፣ የማይቻል ነገር አልጠይቅም። ፖሊሱ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ፋይሉን ያኔውኑ ክፈቱት፣ የጎደለ ደብዳቤ ካለ ደሞዝ እየበላ እያለ ይፈለግ፣ ከወጣ በኋላ በየቢሮው ደጅ እንዳይጠና። ሚስቱን ጥሩ። ለብቻዋ። ባለሙያ አስቀምጡና ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ንዴቱ፣ ዝም ስለሚልበት ሰአት ይንገራት፣ መቼ ሐኪም እንደሚያስፈልግም ታውቀው፣ እሷም የራሷን ትናገር። ሽጉጥ የያዘ ሰው ነበር፣ አሁን ቤት ተቀምጧል፣ ስልኩ አይጮህም፣ ይሄ ለአንዳንዱ ቀላል አይሆንም፣ የባሰም ነገር ያደረሱ አሉ። የጤና ምርመራውንም ከርክክቡ ጋር አትቁረጡት።

ሌላው ደግሞ ልጅ እግር ፖሊሶች ዛሬም አባቴ ጋ ይደውላሉ፣ "የእገሌና የእገሌ ጠብ ድሮ በምን ነበር የተጀመረው" እያሉ። ደስ ይለዋል፣ አልደብቅም፣ ድምጹ ራሱ ይቀየራል። ግን ይሄ ስራ ነው። ካስፈለጋችሁ በስርአት ጥሩት፣ አዲስ ለሚገቡት ለሳምንትም ቢሆን ያስተምር፣ የትራንስፖርቱን ክፈሉት። ያ የካቴና ነገር ብቻ እንኳ ከሱ ጋር እንዳይቀር።

የከተማ ሰዎች፣ ለናንተ ደግሞ ያለኝ ቅሬታ ትንሽ ነው ምስጋናዬ ይበልጣል፣ አባቴ ያሰረው ሰው እንኳ መንገድ ላይ ቆሞ ሰላም ይለዋል፣ አንዱማ ለልጁ ማመልከቻ አጽፎታል፣ ያ ጽሁፍ ያምራል ያልኳችሁ ለዚህ ለዚህ እየዋለ ነው። ብቻ እባካችሁ ሌሊት በራችንን አታንኳኩ። ጣቢያ ተረኛ አለ፣ ከሌለ አዛዡን ለምን የለም ብላችሁ ጠይቁ፣ ህዝብ ከጠየቀ ሰው ይጨመራል። እናቴ እድሜዋ ሄዷል፣ ከተንኳኳ ግን አሁንም ትከፍታለች፣ እሷን በምንም መንገድ ማስቆም አልቻልንም።

የሚቀጥለው ተጧሪ ስሙ ዝርዝራችሁ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። ለመሸኛው ፕሮግራም የምትጽፉት የጥሪ ወረቀት ላይ የባለቤቱን ስም ጻፉ፣ "ከነቤተሰብዎ" ብላችሁ አትለፉት። ፎቶ አንሺውንም መሃል ላይ አቁማት በሉት።